ሴቩ የት ገባ? «የሐዋሳ ልጆች የጀመሩትን ጌም አይጨርሱም» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በሐዋሳ ተጫዋቾች መካከል ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። ሐሳቡ ባጭሩ እንዲህ ነው። በዓለም ላይ ከ10 ተጫዋች 9ኙ የጀመረውን ጌም አይጨርስም፤ የእኛ ከተማ ልጆች ደግሞ ከዚያም ይብሳሉ። ታሪክ ያለውን ጌም ትተው የኳስ ጌም ላይ ተጥደው ይውላሉ፤ ስልክ ደግሞ ጭራሽ አበላሽቷቸዋል። የፒኤስ 2 (የፕሌይስቴሽን 2) ትውልድ ግን ትዕግሥተኛ ስለነበር ከጂቲኤ ጌሞች አንዱ የሆነውን ሳን አንድሪያስን እስከ መጨረሻው ይጫወት ነበር። ቤቱ ኮንሶል፣ ማለትም እንደ ፕሌይስቴሽን ያለ ከቴሌቪዥን ጋር የሚገናኝ የጌም ማጫወቻ፣ ያለው ሰው ምንም ሰበብ የለውም። መፍትሔው አንዱን ሳይጨርሱ ሌላውን አለመጀመር ነው።

ጽሑፉ በቅንነት የተጻፈ ነው፤ እውነትም አያጣውም። ሆኖም ጌም ቤት የሚሠራ፣ ኮንሶል የሚጠግን ወይም ጌም የሚጭን ሰው ሲያነበው አንድ ነገር ይጎድልበታል። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ስለ ሴቭ፣ ማለትም የተደረሰበትን ቦታ ስለሚያስቀምጠው ፋይል፣ አንድም ቦታ አልተነሳም። ረጅም ጌም የሚያልቀው ትናንት የተደረሰበት ቦታ ዛሬም ሲገኝ ነው። በዚህ ከተማ ደግሞ ብዙ ጊዜ አይገኝም።

ከቁጥሩ እንነሳ። «90 በመቶው አይጨርስም» የሚለው ወሬ በስፋት የተሰማው እ.ኤ.አ. በ2011 ሲኤንኤን ካወጣው አንድ ዘገባ ወዲህ ነው። ዘገባው ራፕተር የተባለ የተጫዋቾችን እንቅስቃሴ የሚመዘግብ አገልግሎት ጠቅሶ፣ ሬድ ዴድ ሪደምፕሽን የተባለውን ጌም ከተጫወቱት ውስጥ የመጨረሻውን ሚሽን (ጌሙ የሚሰጠውን ተልእኮ) የጨረሱት 10 በመቶ ብቻ እንደሆኑ ገልጾ ነበር። እነዚያ የተቆጠሩት ሰዎች እነማን ናቸው? የራሳቸው ኮንሶል ወይም ኮምፒውተር፣ የራሳቸው አካውንትና ኢንተርኔት ያላቸው፣ አካውንታቸውንም ራሳቸው ከራፕተር ጋር ያገናኙ ጌም ወዳዶች ናቸው። ሁሉ የተሟላላቸው ሰዎች ካልጨረሱ፣ አለመጨረስን የሐዋሳ ልጅ ጠባይ ማድረግ ከየት የመጣ ነው? ጸሐፊው ያመጡት ቁጥር የራሳቸውን ክስ ያፈርሰዋል።

አቆጣጠሩንም ማየት ይገባል። ኤክስቦክስ 360 እ.ኤ.አ. በ2005 አቺቭመንትን፣ ፕሌይስቴሽን 3 ደግሞ በ2008 ትሮፊን፣ ማለትም ጌሙ ውስጥ አንድ ነገር ሲሳካ የሚሰጠውን ሽልማት፣ ካመጡ ወዲህ፣ ማን የት እንደደረሰ በኩባንያዎቹ ሰርቨር ላይ ይመዘገባል። የኮምፒውተር ጌም መሸጫ በሆነው ስቲም ላይም ስንት በመቶው ተጫዋች የትኛውን አቺቭመንት እንዳገኘ ማንም ከፍቶ ያያል። ግን ልብ በሉ፤ በብዙ ጌሞች ገና በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ለሁሉም የሚሰጠው አቺቭመንት እንኳ 100 በመቶ አይሞላም። በቅናሽ ገዝቶ አንዴ ከፍቶ የተወው ሁሉ «ያልጨረሰ» ተብሎ ይገባል። እሱ ገና አልጀመረምኮ።

ወደ እኛ ሲመጣ መለኪያው ከነአካቴው አይሠራም። ኢትዮጵያ የፕሌይስቴሽን ኔትወርክ በይፋ አገልግሎት ከሚሰጥባቸው አገሮች ውስጥ የለችም፤ እዚህ አካውንት ያለው ሰው የሌላ አገር መርጦ የከፈተው ነው፤ ቢቆጠርም የዚያ አገር ሰው ሆኖ ነው። ኔት በማያገኝ ፒኤስ 4 ላይ የተገኘ ትሮፊ እዚያው ኮንሶሉ ውስጥ ተቀምጦ ይቀራል። ጄልብሬክ የተደረገ፣ ማለትም የኩባንያው ቁልፍ ተሰብሮ ያልተገዛ ጌም እንዲጭን የተደረገ፣ ኮንሶል ከሆነ ባለቤቱ ሆን ብሎ ከኔት ያርቀዋል፤ ሶፍትዌሩ ከታደሰ ነገሩ ይበላሽበታል፣ አካውንቱም ሊታገድ ይችላል። ጌም ቤት ውስጥ ደግሞ በአንድ ኮንሶል ላይ አንድ ዩዘር ተከፍቶ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ በዚያው ይጫወታል። የመጀመሪያው ልጅ ትሮፊውን ከወሰደ ለሃያኛው ልጅ ዳግመኛ አይመጣም። ከፒያሳ እስከ አቶቴ ያለው ተጫዋች ቢጨርስም ባይጨርስም የትኛውም ሠንጠረዥ ላይ የለም። «ከዚያም ይብሳሉ» ለማለት በእጅ የተያዘ ነገር የለም ማለት ነው።

ስለ ኳስ የተባለው ግማሹ ልክ ነው፤ ልጁ ኳስ ይወዳል። የቀረው ግማሽ ግን የጌም ቤት ሒሳብ ነው። አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ኮንሶል፣ ሁለት ጆይስቲክ አለ። የኳስ ጌሙ ፊፋ፣ ወይም እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ ኤፍሲ በሚል ስም የሚወጣው፣ እያንዳንዱ ግማሽ 4 ደቂቃ ተደርጎ ሲሞላ፣ ሪፕሌይ እየዘለሉ ከተጫወቱ አንድ ግጥሚያ በ10 ወይም በ12 ደቂቃ ያልቃል። ተሸናፊ ይከፍላል፣ ተረኛ ይቀመጣል። በአንድ ሰዓት ውስጥ አምስት ግጥሚያ ይወጣል፤ ወረፋውም ይንቀሳቀሳል። በዚያው ሰዓት የታሪክ ጌም የከፈተ ልጅ ሎዲንግ ጠብቆ፣ ፊልሙን አይቶ፣ አንድ ወይም ሁለት ሚሽን ቢሠራ ነው። ሦስት ጓደኞቹ ከኋላው ቆመው «በዚያ በኩል ሂድ እንጂ» ይሉታል፤ አንዳቸውም አይከፍሉም። ባለቤቱ የትኛውን እንደሚመርጥ ግልጽ ነው፤ አንዳንዱ ጭራሽ የታሪክ ጌም አይጭንም።

ሌላም ነገር አለ። የኳስ ግጥሚያ ሴቭ አይፈልግም። ተጀምሮ እዚያው ያልቃል። ሴቭ በማይበረክትበት ቦታ ሴቭ የማይፈልግ ጌም የመረጠ ልጅ ሒሳቡን አውቋል እንጂ አልሰነፈም። (2 ለ 0 እየተመራ ያለው ልጅ በ80ኛው ደቂቃ መብራት ቢሄድለት ማን ይከፍላል የሚለው ክርክር ብቻ ነው እስካሁን ያላለቀው።)

የስልኩን ነገር ባጭሩ እንለፈው። በስልክ የሚጫወቱት የተኩስ ጌሞች፣ ፐብጂ ሞባይልም ፍሪ ፋየርም፣ የሚያልቁ አይደሉም። ፐብጂ ላይ 100 ሰው ይወርዳል፣ በትልቁ ካርታ ግማሽ ሰዓት ገደማ ሊፈጅ ይችላል፤ ፍሪ ፋየር ላይ 50 ሰው፣ 10 ደቂቃ አካባቢ። ሲዝን ሲቀየር ራንክ (የተጫዋቹ ደረጃ) ይወርዳል፣ እንደገና ከታች ይጀመራል። ማለቂያ ያልተበጀለትን ጌም አልጨረስክም ብሎ መክሰስ አያስኬድም። ቴትሪስ በኔንቴንዶ በ1989 ወጥቶ፣ ጌሙ ራሱ መቀጠል አቅቶት ቀጥ እስኪል ድረስ ሰው የተጫወተው በ2023 መጨረሻ ነው። ያደረገውም ሌቭል 157 ላይ የደረሰ የ13 ዓመት አሜሪካዊ ልጅ ነው። እስከዚያ ድረስ በ34 ዓመት ውስጥ የተጫወተው ሕዝብ ሁሉ ትዕግሥት አልነበረውም አይባልም።

የፒኤስ 2 ትውልድ ላይ ግን ቆም እንበል፤ የጽሑፉ ዋና ክርክር የተንጠለጠለው እዚህ ላይ ነው። ሳን አንድሪያስ እ.ኤ.አ. በ2004 ወጣ። ታሪኩን ብቻ ተከትሎ ለሚጫወት ሰው 30 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። በጌም ቤት ዋጋ 30 ሰዓት መክፈል ያን ጊዜም ቀላል አልነበረም። ገንዘቡ ቢገኝ እንኳ ሴቩ የሚቀመጠው 8 ሜጋባይት በሆነች ሚሞሪ ካርድ ላይ ነበር፤ ጌሙ የሚሰጠው ደግሞ ስምንት የሴቭ ቦታ ብቻ ነው። ካርዷ የቤቱ ናት፣ ተጫዋቹ ሰፈር ሙሉ ነው። ዘጠነኛው ልጅ ሴቭ ሲያደርግ ከስምንቱ አንዱ ይጠፋል። ማን እንደጠፋበት የሚታወቀው በማግስቱ ነው። እስከ መጨረሻው የደረሱት በአብዛኛው የራሳቸውን ካርድ ገዝተው በኪሳቸው ይዘው የሚዞሩት ነበሩ። እነዚያም ቢሆኑ 64 ሜጋባይት ተብሎ በርካሽ የሚሸጠውን ከገዙ፣ ካርዱ አንድ ቀን «ፎርማት ይደረግ?» ብሎ ይጠይቃቸውና ነገሩ ያበቃል።

ከዚያ ኮድ አለ፤ የጆይስቲኩን ቁልፎች በተወሰነ ቅደም ተከተል በመጫን የሚገባ ማጭበርበሪያ ነው። አር 1፣ አር 2፣ ኤል 1፣ ኤክስ፣ ግራ፣ ታች፣ ቀኝ፣ ላይ፣ ግራ፣ ታች፣ ቀኝ፣ ላይ። በዚያ ዘመን ያደገ ልጅ ይህን ከእንቅልፉ ቀስቅሰው ቢጠይቁት ይወጣዋል። ጤና፣ ጥይት መከላከያና 250,000 ዶላር ይሰጣል፤ ይህኛው ጉዳት የለውም። አደገኛው መንገደኛውን ሁሉ የሚያሳብደው ኮድ ነው፤ ከተማው ይታመሳል፣ ሰው ከሰው ይደባደባል፣ ከኋላ የቆመው ሁሉ ይስቃል። በዚያ ሁኔታ ላይ ሴቭ ከተደረገ ግን ነገሩ ሴቩ ውስጥ ይቀራል። ልጁ ሃያ ምናምን ሰዓት ተጫውቶ ከጌሙ ከተሞች አንዷ የሆነችው ላስ ቬንቹራስ ይደርስና ማድ ዶግ የተባለው ራፐር ሚሽን ይመጣል። ማድ ዶግ ሰክሮ ጣሪያ ላይ ቆሟል፤ ተጫዋቹ ሳጥን የጫነ መኪና ከሥሩ አቁሞ ሲወድቅ መቀበል አለበት። በተበላሸው ሴቭ ላይ ማድ ዶግ ሚሽኑ ገና ሲጀመር ዘሎ ይሞታል። መቶ ጊዜ ቢሞከር መቶ ጊዜ ይዘላል። ኮድ ከመግባቱ በፊት የነበረ አሮጌ ሴቭ ከሌለ ፒኤስ 2 ላይ መውጫ የለውም፣ ሚሽኑ ደግሞ የግድ ነው። ያ ልጅ ያቆመው ሰልችቶት ነው ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው።

ባቡር በሞተር የሚሳደድባት የሳን አንድሪያስ ሚሽንም የራሷን ያህል ሰው አባርራለች። ብዙዎቹ የሚሳሳቱት ሞተሩን ባቡሩ ላይ እየለጠፉ ስለሚነዱ ነው። ከኋላ ተቀምጦ የሚተኩሰው ቢግ ስሞክ የባቡሩ ጣሪያ ላይ ያሉትን ማየት የሚችለው ሞተሩ ከባቡሩ ጎን ትንሽ ራቅ ብሎ፣ ከሰዎቹ ጋር ትይዩ ሆኖ ሲሄድ ነው። መቅደምም ወደ ኋላ መቅረትም አይጠቅምም። ዜሮ የተባለው ገጸ ባሕርይ የሚሰጣት የትንሿ አውሮፕላን ሚሽን ደግሞ ከዚህ የባሰ አስለቃሽ ናት፤ ነዳጇ በመንገድ ያልቃል። እሷ ላይ ጌሙን የተወ ሰው ቁጥር ስፍር የለውም፤ የሚያናድደው ግን ታሪኩን ለመጨረስ የማታስፈልግ መሆኗ ነው። ትቶ ማለፍ ይቻላል። የግድ የሆነው በረሃው ውስጥ ያለው የአብራሪነት ትምህርት ቤት ነው፤ አሥሩንም ፈተና ማለፍ ያስፈልጋል። ይህን የሚነግረው ሰው ያገኘ ጨርሷል፣ ያላገኘ የዜሮ ሚሽን ላይ ቀርቷል።

ስለዚህ ያለፈው ትውልድ የተሻለ ትዕግሥት ነበረው የሚለውን አንቀበልም። ካርድና አሮጌ ሴቭ የነበረው ጨረሰ። ሌላው ዛሬ «ጨርሼዋለሁ» የሚለው ጓደኛው ሲጨርስ አጠገቡ ቆሞ ስላየ ነው።

ቤቱ ኮንሶል ያለው ሰበብ የለውም የተባለውስ? እዚህ ላይ ጸሐፊው መብራትን ጭራሽ ረስተውታል። ፒኤስ 4 ሬስት ሞድ ላይ ሲሆን ጌሙን ሚሞሪው ላይ እንደያዘ ያንቀላፋል፤ ሲነሳ ካቆመበት ይቀጥላል። ምቹ ነው። ሆኖም ሌሊት መብራት ሲሄድ የያዘው ሁሉ ይጠፋል። ጠዋት የሚገኘው የመጨረሻው እውነተኛ ሴቭ ነው፤ እሱም ከሦስት ሰዓት በፊት የነበረው ሊሆን ይችላል። ከዚህ የከፋው ጌሙ በራሱ ሴቭ እያደረገ፣ ምልክቷ በስክሪኑ ጥግ እየተሽከረከረች ሳለ መብራት ከሄደ ነው። ሃርድ ዲስኩ እየጻፈ የነበረው ፋይል ተቆርጦ ይቀርና ሴቩ «ተበላሽቷል» የሚል ጽሑፍ ይዞ ይመጣል።

መከላከያው ውድ አይደለም፣ ልማድ ብቻ ይጠይቃል። ሬስት ሞድን መብራት በሚቆራረጥበት ወቅት አለመጠቀም፤ ሴቭ አድርጎ ሙሉ በሙሉ ማጥፋት። ጌሙ በእጅ ሴቭ ማድረግ ከፈቀደ ሦስት ቦታ እያፈራረቁ መጠቀም፤ አንዱ ቢበላሽ ሁለተኛው አለ። በሳምንት አንዴ ወደ ፍላሽ መገልበጥ፦ ሴቲንግስ፣ ከዚያ አፕሊኬሽን ሴቭድ ዳታ ማኔጅመንት፣ ከዚያ ሴቭድ ዳታ ኢን ሲስተም ስቶሬጅ፣ ከዚያ ኮፒ ቱ ዩኤስቢ ስቶሬጅ ዲቫይስ። ፍላሹ ኤክስፋት ወይም ፋት 32 ሆኖ ፎርማት የተደረገ መሆን አለበት፤ ኤንቲኤፍኤስ ከሆነ ፒኤስ 4 አያየውም። ብዙ ሰው «ፍላሼን አላነበበም» ብሎ ኮንሶሉን ይዞ የሚመጣው በዚህ ምክንያት ነው። ሴቩ የታሰረው ከአካውንቱ ጋር ስለሆነ በሌላ ሰው አካውንት አይከፈትም። ፒኤስ 5 ላይ ደግሞ የፒኤስ 5 ጌም ሴቭ ለብቻው ወደ ፍላሽ አይገለበጥም፤ ያለው ምርጫ የሚከፈልበት የፕሌይስቴሽን ፕላስ ክላውድ (የኢንተርኔት ማስቀመጫ)፣ ወይም ጠቅላላ ኮንሶሉን ወደ ውጭ ሃርድ ዲስክ ባክአፕ ማድረግ ነው። የፒኤስ 4 ጌም ሴቭ ግን እዚያም ይገለበጣል።

መብራት ከሄደ በኋላ ኮንሶሉ ከተንቀራፈፈ ወይም ጌሞቹን በትክክል ካላሳየ፣ አጥፍቶ የማብሪያውን ቁልፍ መጫንና ሁለተኛዋ ድምፅ እስክትሰማ፣ 7 ሰከንድ ያህል፣ አለመልቀቅ። ሴፍ ሞድ የሚባለው የጥገና ገጽ ይከፈታል። ጆይስቲኩን በገመድ አገናኝቶ የፒኤስ ቁልፉን መጫን ያስፈልጋል፤ ያለ ገመድ አይሠራም። ከዝርዝሩ 5 ቁጥርን፣ ሪቢልድ ዳታቤዝን መምረጥ። ይህ ጌምም ሴቭም አያጠፋም፤ የተበላሸ ሴቭንም አይጠግንም፤ ማውጫውን ብቻ እንደገና ያስተካክላል። 6 እና 7 ቁጥር ግን ኢኒሻላይዝ ናቸው፤ ሁሉን ይጠርጋሉ። ኮንሶል ለጥገና ስትሰጡ «ሴቭ አለኝ፣ ኢኒሻላይዝ ከማድረግህ በፊት ንገረኝ» ማለት አትርሱ። ሳይጠይቅ 7ን የሚጫን ባለሙያ አይጠፋም።

መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ በባትሪ የሚያቆየውን ዩፒኤስ መግዛት የሚችል ሰው 650 ቪኤ የሆነው ይበቃዋል። የመጀመሪያው ፒኤስ 4 ጌም ላይ 150 ዋት ገደማ፣ 32 ኢንች ኤልኢዲ ቴሌቪዥን 50 ዋት ገደማ ይወስዳል። በ12 ቮልትና 7 አምፕ ሰዓት ባትሪ፣ ባትሪው ጤነኛ ከሆነ፣ አምስት ደቂቃና ከዚያ በላይ ይቆያል። ዓላማው ግጥሚያ መጨረስ ሳይሆን ሴቭ አድርጎ ማጥፋት ነው። ባትሪው ከሁለት ወይም ከሦስት ዓመት በኋላ ስለሚደክም፣ ሲጮህ ወዲያው የሚጠፋ ዩፒኤስ ባትሪ ይቀየርለት እንጂ አይጣል። መብራት ሲመለስም ወዲያው አትሰኩ፤ ቮልቴጁ እስኪረጋ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ።

ቦታም ሌላ ጣጣ ነው። 500 ጊጋባይት የተባለ ፒኤስ 4 ለጌም የሚቀረው 400 ገደማ ነው። ሬድ ዴድ ሪደምፕሽን 2 ብቻውን ከ100 ጊጋባይት በላይ ይይዛል። እንዲህ ያሉ ጌሞች ከበዙ ሌላ ለመጫን አንዱ መውጣት አለበት፤ ሰው ደግሞ «የደረስኩበት ይጠፋብኛል» ብሎ ጌሙን እስከ ወዲያኛው ይሰናበታል። አይጠፋም። ፒኤስ 4 ላይ ጌም ሲጠፋ ሴቩ ለብቻው ይቀመጣል፤ ከስድስት ወር በኋላ ዳግም ሲጫን ካቆመበት ይቀጥላል።

ኮምፒውተር ላይ የሚጫወት ሰው ሴቩን አብዛኛውን ጊዜ ዶክመንትስ ውስጥ ያገኘዋል፤ ሳን አንድሪያስ «ጂቲኤ ሳን አንድሪያስ ዩዘር ፋይልስ» በሚባል ፎልደር፣ ጂቲኤ 5 «ሮክስታር ጌምስ» ውስጥ፣ ዊቸር 3 «ጌምሴቭስ» ውስጥ። እዚያ ከሌለ አፕዳታ ውስጥ ይፈለጋል፤ አፕዳታ ስለሚደበቅ መጀመሪያ ከቪው ሜኑ ሂድን አይተምስን ማብራት ያሻል። በሰዓት የሚከፈልባቸው ኮምፒውተሮች ላይ ደግሞ ዲፕ ፍሪዝ የሚባል ፕሮግራም ይጫናል፤ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ በተነሳ ቁጥር ዲስኩን ወደ ነበረበት ይመልሳል፤ ከቫይረሱ ጋር ሴቩንም ይጠርጋል። ፎልደሩን ሳይገለብጥ የተነሳ ተጫዋች ነገ ከመጀመሪያው ሚሽን ይጀምራል። ሁለት ጊዜ ከደረሰበት ሦስተኛ አይሞክርም፤ ማንም አይሞክርም።

ጽሑፉ ሴቩ ላይ 60 ምናምን በመቶ የሚያሳይ ልጅ አልጨረሰም የሚልበት ቦታም አለ። ይህ ስህተት ነው። በጂቲኤ ጌሞች ላይ በመቶኛው የሚቆጥረው ታሪኩን ብቻ አይደለም። ሳን አንድሪያስ 100 የሚሞላው 100 የግድግዳ ጽሑፍ፣ 50 ፎቶ፣ 50 የፈረስ ጫማና 50 ኦይስተር ተለቅመው፣ የጎን ሥራው ሁሉ ሲያልቅ ነው። ታሪኩን ጨርሶ ስሞቹ በስክሪኑ ላይ የወጡለት ሰው ከ100 ብዙ ርቆ ሊታይ ይችላል። ከባሕር ሥር ኦይስተር አልለቀምክም ብሎ ያላለቀ ማለት የሚቻል አይመስለንም።

«አንዱን ሳትጨርስ ሌላውን አትጀምር» የሚለው ምክር ቤቱ ኮንሶል ላለው ሰው አይከፋም፤ በተለይ ሁለት ረጃጅም ጌሞችን ጎን ለጎን መያዝ ቁልፎቹን ያምታታል። በሰዓት ለሚከፍል ግን ከዚህ የሚቀድም ምርጫ አለ፤ እሱም የጌሙ ርዝመትና የሴቩ ዓይነት ነው። ተጫዋቾች የፈጀባቸውን ሰዓት በሚያሰባስቡበት ሃው ሎንግ ቱ ቢት ላይ፣ ታሪኩን ብቻ ለሚከተል ሰው ስፓይደርማን ማይልስ ሞራሌስ 8 ሰዓት ገደማ፣ ላስት ኦፍ አስና አንቻርትድ 4 እያንዳንዳቸው 15 አካባቢ፣ የ2018ቱ ጎድ ኦፍ ዎር 20 ገደማ፣ ጂቲኤ 5 30 ገደማ፣ ዊቸር 3 እና ሬድ ዴድ 2 ወደ 50 ሰዓት ናቸው። በሳምንት ሁለት ሰዓት የሚከፍል ተማሪ ማይልስ ሞራሌስን በአንድ ወር፣ ጎድ ኦፍ ዎርን በአንድ ሴሚስተር ውስጥ ይጨርሳል። ሬድ ዴድ 2 ስድስት ወር ይወስድበታል፤ በስድስት ወር ውስጥ ፈተናም ክረምትም አለ።

የሴቩም ዓይነት ይለያያል። ላስት ኦፍ አስና ጎድ ኦፍ ዎር በየጥቂት ደቂቃው ራሳቸው ዲስክ ላይ ይጽፋሉ፤ ሰዓት አልቆ ቢነሱ የሚጠፋው ትንሽ ነው። ጂቲኤ 5 ላይ ሚሽን መሐል ያለው ቼክፖይንት (ሲሸነፉ የሚመለሱበት ቦታ) የሚሠራው ጌሙ እስካልተዘጋ ድረስ ብቻ ነው። በ25ኛው ደቂቃ ላይ የተዘጋ ሚሽን ነገ ከዜሮ ይጀመራል፤ ልጁም ያንኑ ሚሽን ሁለት ጊዜ ይከፍልበታል።

ችግር የሚበዛበት ደግሞ ዲፊካልቲውን (የጌሙን ክብደት) ያውርደው፣ ነውር የለውም። ጎድ ኦፍ ዎር ላይ ከሦስቱ ዝቅተኛ ደረጃዎች የመረጠ በፈለገ ጊዜ ይቀይራል፤ የመጨረሻውን ከባድ ደረጃ የመረጠ ግን እስኪጨርስ ተጣብቆ ይቀራል። ከኋላ የቆሙት ጓደኞች «ከባዱን አድርገው» ያሉት ልጅ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ትሮል ላይ ይቀራል።

ቋንቋውን ጸሐፊው አላነሱትም። ከጠቀስናቸው ጌሞች አንዱም አማርኛ ወይም ሲዳሙ አፎ ጽሑፍ የለውም። ቀጥሎ የት መሄድ እንዳለበት በእንግሊዝኛ በፍጥነት ተነግሮት ያለፈው ልጅ ካርታው ላይ ሲዞር ሰዓቱ ያልቃል። ሰብታይትሉን ማብራት፣ ከተቻለም ትልቅ ማድረግ፣ ስታርት ሲጫኑ የሚመጣውን የሚሽን መግለጫ ቀስ ብሎ ማንበብ ይረዳል። ከሳምንት በኋላ የሚመለስ ደግሞ የመጨረሻውን ሚሽን ስም ስልኩ ላይ ይጻፍ።

ለጌም ቤት ባለቤቶችም አንድ ነገር እንጨምር። ፒኤስ 4 እስከ 16 ዩዘር ይይዛል። ለቋሚ ደንበኛ የራሱን ዩዘር መክፈትና ባለ አራት አሃዝ ፓስኮድ መስጠት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ ሴቩም ትሮፊውም ለብቻው ይሆናል። የዲስክ ጌም ለሁሉም ዩዘር ይከፈታል፤ ከስቶር የተገዛው ደግሞ ኮንሶሉ በገዛው አካውንት ፕራይመሪ (ዋና ኮንሶል) ተደርጎ ከተመዘገበ ለሁሉም ይሠራል። ዩዘር ስታጠፉ ግን ሴቩ አብሮ ይጠፋል፤ አዲስ ዩዘር በዚያው ስም ቢከፈትም አይመለስም። 16 ሲሞላ ማንን እንደምታጠፉ ልጁን ሳትጠይቁ አትወስኑ። ለታሪክ ጌም የ10 ሰዓት ጥቅል በቅናሽ ሽጡ፤ ወረፋ በሌለበት በጠዋቱ ሰዓት ቢሆን ቴሌቪዥኑም ባዶ አይውልም። ሰዓቱ ሊያልቅ አምስት ደቂቃ ሲቀረውም ተናገሩ። ሚሽን መሐል ከሆነ ይጨርስና የተረፈውን ደቂቃ ይክፈል፤ ገመዱን አትንቀሉበት።